የለስላሳው ጢም

ደንበኞቹ «ለስላሳው» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ጢም ሲላጭ ይውላል፤ የራሱ አገጭ ግን የሕፃን ነው።

«አንተ፣ የእኛን ስትላጭ ያንተን ማን ላጨብህ?» ይሉታል ወንበሩ ላይ ተንጋለው።

አብሯቸው ይስቃል። ምላጭ የያዘ ሰው ሲቆጣ አያምርበትም። ደግሞም እናቱ «አጎቶችህም እንዲሁ ነበሩ» ብላዋለች።

ካገባ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ልጅ የለም። እናቱ «መሬቱ ካላበቀለ ዘሪው ምን ያድርግ» እያለች ከየሰፈሩ መራራ መድኃኒት ለምራቷ ታመጣለች። ሚስቱ አፍንጫዋን ይዛ ትጠጣለች። አንድ ቀን አላስችል ሲለው፣ ለማንም ሳይናገር ሐኪም ቤት ሄዶ ተመረመረ።

ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችው። «ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞሶም አለው። አንተ ዋዩ እንዳለ ሆኖ ኤክስህ ሁለት ነው። ከማንም አልወረስከውም፤ ማንም አላጠፋም፤ እንዲያው የሚያጋጥም ነገር ነው። ጢምህ የሳሳው፣ ልጅም ያልመጣው በዚሁ ነው።»

«ታዲያ ወንድ አይደለሁም?»

«ወንድማ ነህ! የወንድ ሆርሞን አነሰህ እንጂ። በጉርምስናህ ታውቆ ቢሆን የሆርሞኑ መርፌ ያኔ ይጀመርልህ ነበር። አሁንም ይጠቅምሃል። የልጁም ነገር ተስፋው ጠባብ ነው እንጂ ጨርሶ አልተዘጋም።»

ሲወጣ ቀለል አለው። ለካ ነገሩ ስም አለው። በቀጥታ እናቱ ቤት ሄደ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኛት።

«እማዬ፣ ችግሩ ከእኔ ነው አሉ። ክሮሞሶም የሚሉት ነገር አንድ ተርፎብኛል።»

ቢላዋው ቆመ። ቀና ሳትል፣ «መርፌው አሁንም ይሠራል አሉ?» አለችው።

እሱ ስለ መርፌ አላነሳም ነበር።

«የቱ መርፌ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ፤ ልጅ ሳለ ታሞ ሲመረመር ሐኪሞች ይህንኑ ነግረዋት ኖሯል። «ሰው ሴታሴት እንዳይልህ ብዬ ነው ልጄ። አባትህም ሳይሰማ ሞተ።»

«ሚስቴንስ? እያወቅሽ ያን ሁሉ መራራ ስታጠጪያት?»

«ሰው ሲጠይቅ በአንዳችሁ ማሳበብ ነበረብኝ። እሷ ባዳ ናት፤ አንተ ልጄ ነህ።»

ዓይኗን አየው። እንባ ነበረው፤ የሽንኩርቱ።

«ተነሽ፣ አንቺው ንገሪያት።»

«በስተርጅና ምራቴ እግር ላይ ልውደቅ?»

ጥሏት ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ እናቱ ጠዋት ያመጣችውን ጠርሙስ ከፍታ፣ ብርጭቆ ሞልታ አፍንጫዋን ይዛለች። ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደና አጠገቧ ተቀምጦ ነገራት። የክሮሞሶሙን ስትሰማ፣ «አንተ ምን አጠፋህ?» ብላ እጁን ያዘችው። የእናቱን ስትሰማ እጁን ለቀቀችው።

«ይኼን ጠጥቼ ሲያስመልሰኝ፣ ግንባሬን ደግፋ ‹አይዞሽ› የምትለኝ እሷ ናት እኮ። እያወቀች ነው?»

«እያወቀች።»

ተነስታ መድኃኒቱን ደፋችው። ጠርሙሱን ሽታው እስኪለቅ አጠበች፤ ክዳኑን ገጥማም አቀበለችው።

«መልስላት። አንተም ዛሬ እዚያው እደር፤ ፊትህን ሳየው እሷ ናት የምትታየኝ።»