አሥራ አራተኛው ኩርባ

ሰፈሩ «በጋ ከክረምት» ይላታል። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላትም፤ በበጋው ውድድር በዱላ ቅብብል ብር፣ በክረምቱ ደግሞ በበረዶ ጋሪ ነሐስ ያጠለቀች ሴት እሷ ብቻ ናት። ዛሬ የአንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ዓይኗን ጨፍና ስልሳ አንሶላ ብታጣጥፍ አንድ አይሳሳትባትም። አለቃዋ ታዲያ፣ «ለቆጠራ ከሷ ወዲያ ላሣር!» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ የምትሄደው ሾፌሯ ቤት ነው። ሾፌር ሲባል የመኪና እንዳይመስላችሁ። የበረዶ ጋሪ ሁለት ሰው ተጣብቆ የሚቀመጥበት፣ ከተራራ አናት በበረዶ ቦይ ውስጥ እንደ ጥይት የሚወረወር ነገር ነው። የፊተኛዋ ትዘውራለች። የኋለኛዋ «ሞተር» ትባላለች፤ ገፍታ ታስነሳና ዘላ ትገባለች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ጉልበቷ መሃል ቀብራ፣ ምንም ሳታይ፣ ኩርባ ትቆጥራለች። አሥራ አራተኛው ኩርባ ሲያልቅ ፍሬን ትይዛለች። ከዚያ በፊት መንካት የለም፤ የፍሬኑ ጥርስ በረዶውን ከነከሰ ጋሪው ይገለበጣል።

ነሐሱን ባገኙ በዓመቱ፣ ልምምድ ላይ፣ ጋሪው አሥራ አራተኛው ኩርባ ላይ ተገለበጠ። እሷ በተሰበረ ትከሻ ተረፈች። ሾፌሯ ከወገቧ በታች በድን ሆነች፤ ጭንቅላቷም ስለተመታ ያቺን ቅጽበት አታስታውሳትም። መርማሪዎቹ በረዶው ላይ የፍሬን ጭረት አይተው፣ «ከተገለበጣችሁ በኋላ ነው የያዝሽው፣ አይደል?» አሏት።

«አዎ» አለች።

አንዲት ቃል ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከውስጥ ስትበላት ኖረች።

በሩን የከፈቱላት የሾፌሯ እናት ናቸው።

«መጣሽ አንቺ ጎረምሳ! ይህን ትከሻ ተሸክመሽ ባል አጣሁ ትያለሽ፤ ፈርተውሽ እኮ ነው!»

«እርስዎ ይዳሩኛ፣ እማማ።»

«እኔማ ለራሴም እያፈላለግሁ ነው።»

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ደረጃውን ስትወጣ ነገሩን አፏ ውስጥ ይዛው ትመጣለች፤ እማማ ያስቋታል፤ እሷም መልሳ ትውጠዋለች።

«ሞተሬ!» ሲል ድምፅ ከውስጥ ተጣራ። «ቶሎ ነይ፣ አገኘሁት!»

ሾፌሯ መስኮቱ ሥር፣ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ናት። ከራስጌዋ ነሐሷ ተሰቅሏል። ፊቷ እንዲህ በርቶ ከታየ ዓመታት አልፈዋል።

«ምኑን አገኘሽው፣ እትዬ?»

«ጥፋቴን ነዋ! አሥራ አራት ውስጥ ዘግይቼ ነው የገባሁት። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገ ጠዋት አሠልጣኙ መኪና ይልካል፤ አዲሶቹ ሾፌሮች ፊት እናገራለሁ። እኔ የሠራሁትን እነሱ አይድገሙት።»

ሾፌሮች አንድ ልማድ አላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው፣ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በሐሳብ ይዘውሩታል። ሾፌሯም ሐሙስ ሐሙስ እንዲሁ እየዘወረች ጥፋቷን ስትፈልግ፣ እሷ ከኋላዋ ተቀምጣ ስትቆጥርላት ኖራለች። የደበቁትን ዕቃ ከባለቤቱ ጋር አብሮ እንደ ማፈላለግ ያለ ነው።

«በይ ቁጠሪልኝ፤ የመጨረሻችን ነው። ከእንግዲህ ሐሙስሽን አልበላብሽም።»

ከወንበሩ ጀርባ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ጉልበቷ መሃል ቀበረች።

«አንድ።»

የሾፌሯ እጆች ወደ ግራ ሳብ አሉ።

«ሁለት... ሦስት... አራት... አምስት።»

ስድስተኛው ረጅም ኩርባ ነው። መሃሉ ላይ ጋሪው አንዴ ለቀቅ ያደርግና እንደገና ይጫናል፤ ጭንቅላቱን ለቀበረ ሰው ሁለት ኩርባ ይመስላል።

«ስድስት» አለች። እጆቹ ገና ከመሳባቸው፣ «ሰባት።»

እጆቹ አየር ላይ ቀጥ አሉ።

«ምን ያጣድፍሻል? ገና ስድስት ላይ ነን እኮ።»

«ያን ቀን እንዲህ ነው የቆጠርኩት።» ጭንቅላቷን አላነሳችም። «አንዱን ሁለት አደረግሁት። አሥራ ሦስትን ስናልፍ እኔ አሥራ አራት ብያለሁ። ፍሬኑን የያዝኩት ከመገልበጣችን በፊት ነው፣ እትዬ። አንቺ አልዘገየሽም።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሲፈስ የነበረው ቧንቧ ተዘጋ። የሾፌሯ እጆች ቀስ ብለው ጭኗ ላይ ወረዱ፤ ጭኗ አልሰማቸውም።

«እዚህ ስትቆጥሪልኝ ግን አንድ ቀን ተሳስተሽ አታውቂም» አለች በመጨረሻ።

«አላውቅም።»

«አንቺ በትክክል እየቆጠርሽ፣ እኔ ጥፋቱን ከየት አባቴ ላገኘው ነበር?»

ጭንቅላቷን ከጉልበቷ መሃል ቀና አደረገች።

«ውጪልኝ።»

ተነሳች። መውጣቱ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። አስታማሚዋ ሐሙስ ዕረፍቷ ነው፤ እማማ ጉልበት የላቸውም፤ ሾፌሯን ከወንበሩ አንስታ አልጋ ላይ የምታስተኛት እሷው ናት። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ጎንበስ ብላ ክንዶቿን ከሥሯ አስገባች። ሾፌሯ እንደ ወትሮው አንገቷን አላቀፈችም፤ እንደ ራሰ አንሶላ ከበደቻት። አስተኛቻት፣ እግሮቿን አስተካከለች፣ ብርድ ልብሱን ሳበችላት። ሾፌሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሩ ጋ ስትደርስ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ።

«መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው።»

«እሺ።»

«እኔ እዘውራለሁ። አንቺ ከኋላዬ ተቀምጠሽ እንደዛሬው ትቆጥሪያለሽ። ሁሉም እያዩሽ። ስድስት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽ ቢጠፋ አልረዳሽም።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበይኝ።»

እማማ እጃቸው እንደራሰ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። በሩን ከፈቱላት። ስለ ባል ምንም አላሉም።