አሥራ አንድ ድስት

ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው የሠሩት ሴት ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ባወጡላቸው ስም ነው፤ ሻለቃ ይላቸዋል። ሃያ ወጥ ሠሪ በአንድ ጥቅሻ ሲያሰልፉ የኖሩ ናቸውና ስሙ ልክክ ብሎላቸዋል።

ጡረታ በወጡ በወሩ፣ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በዳቦና በሻይ ብቻ ውለው እንደሚያድሩ ሰሙ። ነገሩ ከነከናቸው። ቤት ለቤት ዞረው አሥር ጎረቤት አሳመኑ፤ አሥራ አንደኛው የራሳቸው ቤት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ ድስት ወደ ሰፈሩ አዳራሽ ይመጣል፤ ያረጀውም፣ ብቻውን የሚኖረውም፣ ትናንት የገባው ተከራይም፣ ወደ አርባ ሰው አብሮ ይበላል።

አንድ ቅዳሜ ክዳኑ ሊከፈት ሲል የምግብ ተቆጣጣሪው ገባ። ቀጠን ያለ ወጣት ነው፤ ትሕትና አለው። እጅ ነስቶ ሲያበቃ ከቦርሳው መጽሐፍ አወጣና ደንቡን አነበበላቸው። በመኖሪያ ቤት የተሠራ ምግብ በሕዝብ አዳራሽ ከአሥራ ሁለት ለበለጠ ሰው ሊቀርብ አይችልም። ክዳኑ በተከፈተ ድስት አጠገብ መዝፈንም ሆነ ማንጎራጎር ክልክል ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ ያን ጊዜ ዳቦ እየቆረጡ በማንጎራጎር ላይ ነበሩ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ራሱ ፊቱ ቀላ፤ ደንቡን የጻፈው እሱ እንዳልሆነ ተናገረ።

ሳቁ ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ። ልብስ ሰፊው በስድስት ዓመት ውስጥ ሆዴን ያለ ሰው እንደሌለ ተናገሩ፤ የበሰበሰ የሚሸጠውን ትቶ የሚያበላውን ማሳደድ ምን የሚሉት ሕግ ነው አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሻለቃ እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሁሉም ዝም አለ። በሙያቸው ይተማመናሉ፤ ልጁንም በሙያው ሊያሳፍሩት አስበዋል።

«መጽሐፉን አስቀምጠውና ድስቱን ለካ» አሉት።

ቴርሞሜትሩን አወጣ፤ በአልኮል ጠርጎ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው ዞረ። ትኩስ ምግብ ከስልሳ ዲግሪ መውረድ የለበትም። ሾርባው ሰባ አራት፣ ጎመኑ ስልሳ ስምንት፣ ድንቹ ስልሳ አንድ። ሻለቃ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይከተሉታል፤ በየድስቱ «እህ» ይላሉ። መጨረሻ ላይ የሳቸው ሩዝ ደረሰ። አርባ አንድ።

ልጁ የተሳሳተ መስሎት ደገመው። አርባ አንድ።

ጉልበታቸው ከከፋባቸው ወዲህ ጧት ጧት መሯሯጥ አቅቷቸው፣ ሩዙን ጎሕ ሲቀድ ቀቅለው ክዳኑን ገጥመው ማቆየት ጀምረው ነበር። የተቀቀለ ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይ ምን ዓይነት የሆድ ሕመም እንደሚያመጣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ለሃያ ወጥ ሠሪ ሺህ ጊዜ የተናገሩት ነገር ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው ብለው አሰቡ፤ ፊታቸው ጋለ። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህን ከሪፖርቱ ሊተወው እንደሚችል ነገራቸው።

«ጻፈው ልጄ» አሉት። «አርባ አንድ ብለህ ጻፍ። የማን ድስት እንደሆነም ጻፍ።»

ሩዙን ራሳቸው ተሸክመው ወጥተው ደፉት። የተቀሩት ድስቶች በደንቡ መሠረት ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ አርባው ሰው ዳቦና ሙዝ በልቶ ተበተነ። ሻለቃ ከልጁ መጽሐፉን ተውሰው ቀሩ።

ሰማንያ ስድስት ገጹን እርሳስ ይዘው እሑድን ሙሉ አነበቡት። አብዛኛው ሳያመነቱ የሚፈርሙበት ነው፤ አንዳንዱ ግን ብቻቸውን አሳቃቸው። የጭልፋ እጀታ ከአንድ ክንድ ማነስ የለበትም ይላል፤ የማን ክንድ እንደሆነ ግን አይናገርም። ዋናው ነገር ተገኘ። ደንቡ ከቤት ተሠርቶ የሚመጣውን ምግብ ይከለክላል እንጂ፣ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበው እንዳያበስሉ አይከለክልም። ከአዳራሹ ጀርባ ደግሞ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች የተቆለሉበት የተዘጋ ኩሽና አለ።

ሰኞ ጧት ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበሩ። ተቆጣጣሪው ፈቃድ ሦስት ወር እንደሚፈጅ ነገራቸው።

«እሱ ለአዲስ ኩሽና ነው» አሉት መጽሐፉን ገልጠው እየሰጡት። «ገጽ ሃምሳ ሁለት። ለቆየው ምን ይላል?»

አነበበ። ሁለት የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ፣ የሚዘጋ በር፣ ምስክር ወረቀት ያለው ኃላፊ ካለ ፍተሻ ብቻ ይበቃል።

«ምስክር ወረቀት አለዎት እማማ?»

ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። «በዕድሜ ይበልጥሃል» አሉት።

ልጁ ሳቀ። ማንጎራጎርን የሚከለክለው አንቀጽ እንዲሰረዝ የጻፉትን ማመልከቻም ማኅተም መትቶ ተቀበለ። ያንን ያወጣው ሰው ድምፁ የማያምር ጎረቤት የነበረው መሆን አለበት አላቸው።

ሁለት ሳምንት ተሠራ። ወንበሮቹ ወጡ፤ ግድግዳው ተፋቀ። ከአሥሩ ጎረቤት አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርና ሁለተኛውን ገንዳ ተከለ። ደንቡ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ በመዳፍ መከፈት የለበትም ስለሚል፣ በክርን የሚገፋ ረጅም እጀታ ገጠመለት። ተቆጣጣሪው መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ቧንቧውን በክርኑ ሞከረና ፈረመ።

በቅዳሜው ሰዉ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሻለቃ ያላሰቡት ነገር የታያቸው ያን ጧት ነው። እስከዚያ ድረስ ድስት ይዞ የሚመጣና ሳህን ይዞ የሚቀመጥ ለየብቻ ነበሩ። ባለ ሳህኑ አቀርቅሮ ይበላና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ቶሎ ይወጣል። አሁን ግን አንድ ጡረተኛ መምህር ድንች እየላጡ ከአንዲት አዲስ ተከራይ ጋር በልጣጩ ውፍረት ይከራከራሉ፤ ስድስት ዓመት ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ይላሉ። ለኩሽናው የገዙትን ቴርሞሜትር ሻለቃ ለልብስ ሰፊው ሰጧቸው።

«ዕድሜዎን ሙሉ ሲለኩ ኖረዋል» አሏቸው።

ልብስ ሰፊው በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ሳይለኩ አንድም ድስት ወደ ገበታ አላሳለፉም። የሻለቃ ሩዝ ሲደርስም አልራሩም። ሁለት ጊዜ ለክተው ሰባ ሁለት መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው መንገድ የለቀቁት።

ከምግብ በኋላ የወጣ ሰው የለም። ሳህኑ ታጥቦ ሲደረደር ልብስ ሰፊው ወደ ሻለቃ ጠጋ አሉና፣ ስድስት ዓመት ሲበሉ ሩዝ እንዴት እንደሚቀቀል አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሯቸው። ቅዳሜ እስኪመጣ ያሉት ስድስት ቀናት አሁንም የዳቦና የሻይ ናቸው።

«ምድጃውማ ቤቴ አለ» አሉ ልብስ ሰፊው። «የሚያሳየኝ ነው ያጣሁት።»

ሻለቃ ሽርጣቸውን ፈትተው እጃቸውን አደረቁ።

«ረቡዕ ጧት ድስት አጥበው ይጠብቁኝ» አሉ። «ሩዙን እርስዎ ይግዙ፤ ዐይቼ ካልወደድኩት አስመልስዎታለሁ።»