የመድኃኒቱ ጋቢ

ኡበይድ የሰንሰሉን ቅጠል ከእንጨቱ እየመለጠ ሰሌን ላይ ይበትናል። አንዱን ዘንግ ከጫፉ ይይዝና በሁለት ጣቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ ቅጠሉ ሰሌኑ ላይ ይረግፋል፤ ባዶው እንጨት እጁ ላይ ይቀራል። እንጨቱን ወደ ጓሮ ይወረውርና ሌላ ያነሳል።

ጎረቤቱ ጌጤ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ታየዋለች። የማሽላ ውቂያ ሰሞን ነው። ከየአውድማው የሚነሳው እብቅ ጎብዬን ሞልቷታል፤ ጌጤ ደግሞ አስም አለባት። እብቁ በተነሳ ቁጥር የኡበይድን ዱቄት በማር ለውሳ ትልሳለች፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የሚነፋ መድኃኒትም በመቀነቷ ቋጥራ ትዞራለች። የቱ ነው የሚያሽልሽ ሲሏት፣ «እኔ ምን አውቄ፣ አስሙ ሁለቱንም ይፈራል» ትላለች።

«ዘንድሮ ቅጠሉን አበዛኸው» አለችው።

«አንቺ ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

ኡበይድ ለአስም የሚሆን መድኃኒት እንዳለው ጎብዬ ብቻ ሳትሆን ቆቦና ዋጃም ያውቃሉ። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ፣ በመንገዱ ያገኘውን ሰው ሰላም እንኳ ሳይል ወደ ዞብል ተራራ ይወጣል። የአንዲት አጭር ተክል ሥር ቆፍሮ በኩታው ጠቅልሎ ይመለሳል። ሥሩን አድርቆ ይወቅጠዋል። ከዚያ፣ ቀምሶም ሆነ አሽትቶ የሚለየው ሰው እንዳይኖር፣ ሦስት እጥፍ የሰንሰል ቅጠል ይቀላቅልበታል። ሰንሰል ያው ሰንሰል ነው፤ በየአጥሩ የሚበቅል፣ ፍየል እንኳ ንቃ የምታልፈው።

ይህን ያስተማረው አባቱ ነው። ሊሞት ሲል ጠርቶ፣ «መድኃኒት ራቁቱን አይወጣም፤ ጋቢ አልብሰው። ስሙንም ለአንድ ልጅህ ብቻ ንገር» ብሎታል። ጋቢው ሰንሰሉ ነው። ልጅ የተባሉት ግን አንዱ አዳማ ሲኖትራክ ይነዳል፣ ሌላው ሪያድ ነው። ሲደውሉ ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁታል እንጂ ስለ ሥሩ አንስተው አያውቁም።

ከአራት ወር በፊት ታዲያ ኢልሀም መጣችበት። ኢልሀም የልጅነት ጓደኛው የታሂር ልጅ ናት። ፋርማሲ አጥንታ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። «አባ ኡበይድ፣ የአስም መድኃኒትዎን ቤተ ሙከራ ወስጄ ልፈትነው» አለችው። የጓደኛን ልጅ በባዶ እጅ መሸኘት ነውር ነው። የአባትን ቃል ማፍረስም ነውር ነው። ኡበይድ በሁለቱ ነውሮች መካከል ትንሽ ቆመና ጋቢውን ሰጣት። «ይኸውልሽ ልጄ፣ መድኃኒቱ ይሄ ነው» ብሎ አንድ ኬሻ የሰንሰል ቅጠል አሸከማት። ፈትና ፈትና ምንም ስታጣበት ትተወዋለች ብሎ ነበር።

ዛሬ ኢልሀም የአባቷን ባጃጅ ራሷ እየነዳች መጣች። ገና ሞተሩን ሳታጠፋ ነው መጮህ የጀመረችው።

«አባ ኡበይድ! ሠራ!»

«ምኑ?»

«መድኃኒትዎ ነዋ! ሠራ!»

ኡበይድ የያዘው ዘንግ ከእጁ ወደቀ። ጌጤ ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው፤ መሃል ላይ ሳል አቋረጣት እንጂ።

ኢልሀም ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለችና በእጇ እያሳየች ታስረዳው ጀመር። «ጊኒ ፒግ የሚባል እንስሳ አለ፤ አይጥ የሚመስል፣ ጭራ የሌለው። ከእሱ የትንፋሽ ቧንቧ ትንሽ ቆርጠን ብርጭቆ ውስጥ በክር እንሰቅላለን። ከዚያ አስም እንደተነሳበት ሰው ጭምድድ የሚያደርገውን ነገር ጠብ እናደርግበታለን። ጭምድድ ይላል። እሺ? የአንቱን ቅጠል ጭማቂ ስጨምርበት ቀስ እያለ ላላ! ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ሰባት ጊዜ ደጋገምኩት።»

«ለአይጥ ነው እንዴ ስለፋ የኖርኩት?» አለ ኡበይድ። 

«ለአይጥ ከሠራማ ለኔ እንዴት ያቅተዋል!» አለች ጌጤ። ከዚያ ዓይኗ ሰሌኑ ላይ ቀረ። «ቆይ ቆይ… ይሄ ቅጠል ነው እንዴ የሠራው? ሰንሰሉ? እኔ አጥር ላይ ያለው?»

«እሱ ነው፣ እትዬ ጌጤ።»

«አንተ ኡበይድ! ስምንት ዓመት ሙሉ ከየት ነው የምታመጣው ስልህ ዞብልን ስታሳየኝ! በሚካኤል፣ ዛሬውኑ አጥሬን አጭጄ ነው የምጠጣው።»

«እንዳይነኩት!» ኢልሀም ደነገጠች። «ብርጭቆ ውስጥ ያለ ቧንቧ ሌላ፣ የሰው ደረት ሌላ። ምን ያህሉ እንደሚበቃ፣ ምን ያህሉ እንደሚጎዳ ገና አናውቅም። የሚነፋውንም እንዳይተዉ።»

«ኧረ አልተውም፤ እሱን ከመቀነቴ የሚፈታው ገናዥ ነው።»

ኢልሀም ከቦርሳዋ ወፍራም ጽሑፍ አውጥታ የመጀመሪያውን ገጽ ለኡበይድ ዘረጋችለት። «ሐሙስ ለመምህሮቼ አቀርበዋለሁ። ይዩት፣ ስምዎ እዚህ ላይ አለ።»

ኡበይድ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ያዘው። «የጎብዬው መድኃኒት አዋቂ ኡበይድ ለአስም የሚሰጡት መድኃኒት» ይላል። ስሙ በወፍራም ፊደል ታትሟል። ሰው ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ብሎ ሲያሽሟጥጠው የኖረ ሰው ስሙን እንዲህ ታትሞ ሲያይ ደስ ሊለው በተገባ ነበር። አልሀምዱሊላህ ሊል አፉን ከፈተና ቃሉን መለሰው። በውሸት ላይ ሐምድ አይባልም። ሐሙስ ይህች ልጅ ስንት የተማረ ሰው ፊት ቆማ፣ እሱ የዋሻትን እውነት ብላ ልትናገር ነው።

«ኢልሀም» አለ፣ ወረቀቱን እየመለሰላት። «ይሄ መድኃኒቱ አይደለም።»

«ምን አሉ?»

«ሰንሰሉ መድኃኒቱ አይደለም። ጋቢው ነው። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ሥር ነው። ሰው እንዳያውቀው ነው ሰንሰል የምጨምርበት። አንቺ ስትመጪ… ጋቢውን ሰጠሁሽ።»

 ጌጤ በሳቅ ፈነዳች። ጉልበቷን እየመታች ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ መቀነቷን ፈታ መድኃኒቷን ሁለቴ ሳበች፤ ትንፋሿ ሲመለስላት ሳቁን ካቆመችበት ቀጠለች።

«ሰውየው ተራራ ለተራራ ይንከራተታል» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ጋቢው እቤት ሆኖ ሥራውን ይሠራል! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።»

ኢልሀም አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። እስክሪብቶ አወጣችና ርዕሱ መጨረሻ ላይ ያለውን «መድኃኒት» የሚለውን ሰረዘች። በላዩ «ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀላቀል ቅጠል» ብላ በጥንቃቄ ጻፈች።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለ ኡበይድ። «ድካምሽን አበላሸሁብሽ።»

«የተበላሸ የለም፤ ቅጠሉ ያው ሠርቷል። እውነቱን ስለነገሩኝ ነው የማመሰግንዎት። የሥሩን ስም ካልፈለጉ አይንገሩኝ።» ገጹን ገለጠች። «ብቻ ስለ ዋናው መድኃኒት እዚህ ጋ አንድ ነገር ማለት አለብኝ።» አንድ ቃል ጻፈች። ኡበይድ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አነበበው። «ያልተፈተነ» ይላል።

ያልተፈተነ! ሰንሰሉ ተፈትኖ አልፏል። ፍየል የናቀችው ሰንሰል በመምህራን ፊት ይመሰገናል። አርባ ዓመት ጎህ ሳይቀድ የወጣበት፣ ጉልበቱን የከፈለበት፣ የአባቱ ሥር ደግሞ ያልተፈተነ ተብሎ ከገጹ ግርጌ ይቀመጣል።

ብድግ አለ። ወደ ቤት ገባ። ሴቶቹ ከውስጥ ጣባ ሲንኳኳ፣ ሳጥን ሲከፈት ሰሙ። ሲወጣ ባለፈው ረቡዕ የነቀላትን ተክል በሁለት እጁ አቅፏል፤ ሥሯ፣ ቅጠሏ፣ ጠውለግ ያለች ቢጫ አበባዋም አልተለያዩም።

«ይችንም ፈትኛት።»

ኢልሀም እጇን አልዘረጋችም። «ባትሠራስ፣ አባ?»

ይህን ጥያቄ በአርባ ዓመት ውስጥ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ተክሏን አየት አደረጋት።

«አባቴ ጋቢ አልብሰው አለኝ እንጂ ጋቢው የሚሠራው ይሁን ባለጋቢው አልነገረኝም» አለ። «ምናልባት እሱም አያውቅም ነበር። ብትሠራ የአባቴ ስም ይነሳል። ባትሠራ ጉልበቴ ያርፋል። የሆነውን ጻፊ።»

«ለአንድ ልጄ ብቻ ነው የምነግረው ስትለኝ የኖርከውስ?» አለች ጌጤ።

«አባቴ ለአንድ ልጅህ አለኝ እንጂ ከአብራክህ የወጣ አላለኝም።»

ኢልሀም ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን ወረቀቷ ላይ ደፋች። «ስሟን ጽሑፉ ላይ አላወጣውም» አለች። «ሥር አንድ ነው የምላት። አንቱ ካልፈቀዱ ለማንም አልናገርም፤ ይሄንንም ጽፌ እፈርምልዎታለሁ።»

ኡበይድ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ስሟን ነገራት። ጌጤ በርጩማውን ጎትታ ተጠጋች።

«ኧረ ጮክ በል! እኔ እንኳን ስምንት ዓመት የላስኩት ልስማው!»

«አንቺ ከሰማሽ ነገ አላማጣ ይሰማል።»

«እውነትህን ነው» አለች ጌጤ፣ ጭራሽ ሳይከፋት።

ኢልሀም ተክሏ ቅርጿን ሳትለቅ እንድትደርቅ ብላ ከባጃጁ ሁለት ጠፍጣፋ ጣውላና አሮጌ ጋዜጣ አመጣች። ተክሏን ጋዜጣው ላይ አስተኛቻት፤ ሥሯን አቃናች፤ አበባዋን ወደ ላይ አደረገች። አንዷን ቅጠል ገልብጣ አስቀመጠቻት።

«ያቺ ለምን ተገለበጠች?» አለ ኡበይድ።

«ጀርባዋም መታየት አለበት፤ ኋላ ከየትኛዋ ተክል ጋር እንደምትመሳሰል የሚለየው በሱ ነው።»

በላይዋ ሌላ ጋዜጣ አለበሰቻት፤ በሁለቱ ጣውላ መካከል አስገብታ በገመድ ልታስር ጀመረች። ኡበይድ አሠራሯን ትንሽ አየና ገመዱን ተቀበላት። አፋሮች ግመል ሲጭኑ እንደሚያስሩት ሁለት ጊዜ አዙሮ፣ በጉልበቱ ጫን ብሎ አጠበቀው። ኢልሀም በቁራጭ ወረቀት ላይ «ሥር አንድ» ብላ ቀኑን ጽፋ ገመዱ ሥር ሸጎጠችው።

ኡበይድ ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው። አልላላም። ወደ ባጃጁ ወሰደና ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ የኋላ መቀመጫው ላይ በጠፍጣፋው አስቀመጠው።