አባትሽ ብሏል

«አይነገረው።»

«ከጠየቀኝስ?»

«ጫማ ልገዛልህ ነው በይው። ጫማ ካልሽው ዝም ብሎ ይከተልሻል።»

ይገረም ይህን የሰማው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከእንድብር ወዲያ ባለች መንደር፣ ተኝቷል ተብሎ በጎጆው ጥግ ተጋድሞ ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ፣ ከዚያ በኋላስ ምን እንደተከተለ አያስታውስም። አንደኛዋ እናቱ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና፣ ድምፅዋን አይስተውም። ሁለተኛዋ ግን ማን እንደነበረች አርባ ዓመት ሙሉ አልለየለትም። አንዳንዴ የጎረቤት ሴት ናት ይላል፣ አንዳንዴ ሕልም ነው ብሎ ይተወዋል። «አይነገረው» የምትለዋ ቃል ግን ከውስጡ አልወጣችም። ልጅ ሲወልድ፣ እኔስ በልጄ ላይ እንዲህ አላደርግም ብሎ ለራሱ ቃል የገባው በእሷ ምክንያት ነው።

ልጁ መቅደላዊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መዋጥ ካቃታት ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ያንቃት የነበረው ዳቦ ነው፤ ቀጥሎ ገንፎውም አልወርድ አለ፤ በመጨረሻ የጠጣችው ውሃ ሳይቀር ተመልሶ ይመጣ ጀመር። ጉርሻ በገባ ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነሥታ ትንጠራራለች፣ ደረቷን በቡጢ መታ መታ ታደርጋለች። ትምህርት ቤት ምሳዋን ለጓደኞቿ አድላ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ ትመጣና በላሁ ትላለች። ከስታ ከስታ የስድስት ዓመት ልጅ አክላለች።

ከብዙ ምልልስ በኋላ ዶክተር ሶሬሳ የሚባል ረጋ ያለ ሐኪም እጅ ገቡ። ነጭ ፈሳሽ አጠጥቶ ራጅ አስነሣትና ያየውን ለይገረም በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየው።

«ምግብ የሚወርድበት ቧንቧ ይህ ነው። እዚህ ታች፣ ጨጓራው በር ላይ፣ ጡንቻው ተኮማትሮ አልከፈት ብሏል። በቀዶ ጥገና ትንሽ ይቆረጥና በሩ ይላላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምርመራ ይቀረናል።»

ምርመራው እንዲህ ነው፦ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዋ ገብቶ እስከ ጨጓራዋ ይወርዳል፤ እሷ አሥር ጊዜ ውሃ ፉት እያለች ትውጣለች፤ ማሽኑ የቧንቧውን ግፊት ይለካል።

«አስተኝታችሁ አይሆንም?» አለ ይገረም።

«ተኝታ እንዴት ትውጣለች? ከታገለችና ካለቀሰች ደግሞ ማሽኑ የሚያነበው ልቅሶዋን ነው። እጅና እግር ይዘን የምንሠራው ሥራ አይደለም። እሷ ራሷ እሺ ማለት አለባት።»

ይገረም ሸማ ተራ ጥግ የስፌት መኪና ይጠግናል። ሙያውን ያስተማረው የለም፤ እየፈታ እየገጠመ ነው የለመደው። የተበላሸ መኪና ሲመጣለት ቸኩሎ አይፈታውም፤ መዘውሩን በቀስታ እያዞረ ጆሮውን ይጥልበታል። ለልጁም እንደዚያው ሆነላት። ሲስተር ሰዓደት የምትባል ነርስ ካልተነካ ቱቦ ቁራጭ ሰጥታው ነበርና፣ ከሥራ ሲመለስ ከመቅደላዊት ጋር ቁጭ ይሉና ይለማመዳሉ። በመጀመሪያው ቀን ቱቦውን ወደ ገዛ አፍንጫው ሁለት ጣት ያህል አስገባው። አነጠሰ፣ እንባው ወረደ።

«ዝሆን መሰልክ» አለችው መቅደላዊት።

«ዝሆን ግን አያነጥስም።»

«ያማል?»

«ያቃጥላል። ጉሮሮሽ ጋ ሲደርስ ያቅለሸልሽሻል። ከዚያ ትለምጂዋለሽ።»

«አያምም አትለኝም?»

«አልልሽም።»

የእጇን አንጓ በጣቱ መታ ሲያደርግ ልትውጥ ተስማሙ። አንድ ማንኪያ ውሃ፣ መታ፣ ዋጥ። አንዳንዱ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኖቿን ጨፍና ዘጠኝ አደረሰች።

«ስሚኝ» አላት ያን ቀን። «እኔ ቀድሜ ያልነገርኩሽን ነገር ማንም አያደርግብሽም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«ጥርስ ሐኪሙም?»

«እሱም።»

«ሲስተር ሰዓደትም?»

«እሷም።»

«እቴቴም?»

ይገረም ሳቀ። «እቴቴማ የኛው አይደለች እንዴ?»

እቴቴ ታላቅ እህቱ ናት። ቅቤ ተራ ቅቤ ትሸጣለች። ከአገር ቤት አምጥታ ያሳደገችው፣ የዳረችውም እሷ ናት። ባለቤቱ የሻሽወርቅ በዚያው ሰሞን ወንድ ልጅ ስለተገላገለች፣ አራሷን ለመርዳት እቴቴ ጓዟን ይዛ ቤታቸው ገብታ ነበር። ይገረም የዶክተሩን ሥዕል ለእሷም አሳይቷታል።

«እዚህ ጋ ነው የሚቆረጠው።»

እቴቴ ወረቀቱን አዙራ አየችው። «የሚቆረጥ ነገር አለዋ?»

«አለ።»

«እኔ ከመጀመሪያውም ብዬ ነበር» አለችና መለሰችለት። እሱ የገባት መሰለው።

ምርመራው ማክሰኞ ነበር። እሑድ ይገረም ራጉኤል ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ስለ ልጁ ተስሎ ሲመለስ፣ መቅደላዊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አፏን በሻርፕ ሸፍና ተኝታለች።

«ብርድ መቷት ነው፣ ተዋት» አለች እቴቴ፣ ገንፎ እያማሰለች።

ሰኞም ከአልጋዋ አልወረደችም። ልምምድ ቢላት ሻርፑን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ፈርታ ይሆናል አለ በልቡ። ማክሰኞ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልወጣትም። ዶክተር ሶሬሳ አፏን እንድትከፍት ቢለምናት እንቢ አለች። ሲስተር ሰዓደት አጠገቧ ተቀምጣ ብዙ ካባበለቻት በኋላ በግድ ከፈተች። ዶክተሩ ባትሪውን አበራ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ።

«ይህን ማን ነው የቆረጣት?»

«ምኑን?» አለ ይገረም።

«እንጥሏ የለም። ቁስሉ መግል ይዟል።»

መቅደላዊት አባቷን ቀና ብላ አየችው። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር፤ ድምፅዋ በአፍንጫዋ በኩል ይወጣል።

«አባቴ ነው ያስቆረጠኝ።»

«እኔ?»

«እቴቴ ነግራኛለች። ጫማ ልግዛልሽ ብላ ወሰደችኝ። ሰውየው ምላጭ ሲያወጣ አፌን አልከፍትም አልኩ። አባትሽ ብሏል አለችኝ። አባቴ ያለኝ ቱቦ ነው ስላት፣ እሱ ነው የላከኝ አለች።» ምራቋን ለመዋጥ ታገለች። «አንተ ብለሃል ስለተባልኩ ነው የከፈትኩት።»

ይገረም ከፊቷ ተንበረከከ። «እኔ አላልኩም መቅዲ። አላውቅም ነበር።»

ልጅቷ ዕቃ ሻጭ በእናቱ ስም ሲምል እንደሚታየው ነው ያየችው። ዶክተሩም ያመነው አይመስልም።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ አስረድቼዎት ነበር» አለው። «ብትደማ ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር? አሁን ቁስሉ እስኪድን ቱቦ አይገባም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ትመጣላችሁ። ያን ቀንም እንቢ ካለች ከዚህ በላይ መጠበቅ አንችልም፤ በሆዷ ቀዳዳ አበጅተን ነው የምንመግባት።»

መድኃኒቱን ገዝቶ ልጁን ቤት አደረሰና ከዚያው ወደ ቅቤ ተራ ወረደ። እቴቴ ወደ ደንበኞቿ ተመልሳ፣ ቅቤውን በእርጥብ እጇ እያለሰለሰች በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች። ጎረቤቷ ሐጀራ ቀድማ አየችው።

«ይገረም፣ ምነው ፊትህን? ኮሶ ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

አልፏት ሄደና እህቱ ፊት ቆመ። «ምን አደረግሽብኝ?»

«ነገረችህ?» አለች እቴቴ ቀና ሳትል። «ይቆረጣል ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ሐኪም ቤት ነው ያልኩት። ታች፣ ከጨጓራዋ በላይ።»

«ጉሮሮ ያው ጉሮሮ ነው። እንጥሏ ወርዶ መንገዱን ዘግቷት ዓመት ሙሉ ልጅቷ ስታልቅ፣ እነሱ ደግሞ ሆዷን ሊቀድዱልህ ነው። አገኘሁ የሚባለው ቆራጭ አውቶቡስ ተራ ጀርባ ቁጭ ብሎ ስንቱን አድኗል። ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ነው የጨረሰው።»

«እሺ፣ ትክክል ነው ብለሽ ካመንሽ ለምን እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ወሰድሻት?»

እቴቴ የተጠቀለለውን ቅቤ ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው።

«ለምን በእኔ ስም?»

«በስምህ ካልሆነ አልከፍት አለቻ» አለች ዝቅ ብላ። ወዲያው ድምፅዋን መልሳ አነሣች። «አንተንስ ያስቆረጥኩህ እኔ አይደለሁም? ገና ልጃገረድ ነበርኩ። እማዬ ልቤ አይችልም ብላ እኔን ላከችኝ። ጫማ ልገዛልህ ነው ብዬ ወሰድኩህ። ጮህክ፣ ደማህ፣ አለፈ። ይኸው ጢምህ ሸብቶ ታፈጥብኛለህ።»

ይገረም ምላሱን ወደ ኋላ ላከ፤ የሚነካው ነገር ያለ ይመስል። አርባ ዓመት የጎረቤት ሴት ናት ሲላት የኖረችው ያቺ ድምፅ እፊቱ ቁጭ ብላ ቅቤ ትጠቀልላለች።

«ጫማውን ገዛሽልኝ?» አላት።

«ከየት አምጥቼ?»

ሐጀራ ዕቃዋን የምታስተካክል መስላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ይገረም «ዋሸሁሽ በያት» አለ። «አባትሽ አያውቅም ነበር በያት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይቅርታ ልጠይቅ?»

«አዎ።»

«ነገ ማን ይሰማኛል? ለጤናዋ ብዬ ነው። እግዜር ያየኛል።»

«እኔም አምኜሽ ነበር» አላትና ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እቴቴ ቤታቸው አልመጣችም፣ እሱም አልጠራትም። ለአራሷ ብላ በሰው የላከችውን ቅቤ ሳይፈታው መለሰው። የሻሽወርቅም ምን አጠፋ ቅቤው አለችው። ጧት ጧት ራጉኤል ደጅ ቆሞ የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ ሲጠራ፣ እህቱ ጋ ሲደርስ አንደበቱ ይያዛል። ቆሞ ይጠብቃል፣ ስሙ አይወጣም፤ ተሳልሞ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ቁስሉ ዳነ፣ ድምፅዋም ተስተካከለ። መዋጡ ግን እዚያው ነው፤ ሰውየው የቆረጠው ከበሽታው ከስንዝር በላይ ርቆ ነበርና። የመቅደላዊት ምግብ ወተት ብቻ ሆነ፤ እሱም ግማሹ ይመለሳል። አባቷ የልምምድ ቱቦዋን ሲያወጣ ክፍሉን ትታ ትወጣለች። ውሃ ቢያቀርብላት፣ ቀድመህ ቅመስ ትላለች። ይቀምስላታል። ማስረዳቱን ግን አቆመ፤ እኔ አይደለሁም ባለ ቁጥር የባሰ ውሸት እየመሰለ ሄደበት።

ሐሙስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በምሳ ሰዓት ቤት ገባ። የሻሽወርቅ ልብስ ለማስጣት ግቢ ወጥታለች። ከመጋረጃው ወዲያ መቅደላዊት ትናገራለች። ከማን ጋር ነው ብሎ ቆመ። ገና ክርስትና ያልተነሣውን ሕፃን ታቅፋ ነበር።

«አንተንም ትንሽ ስታድግ ይወስዱሃል» ትለዋለች። «እንቢ ስትል አባትህ ብሏል ይሉሃል። አፍህን እንዳትከፍት፣ እሺ? ማንንም እንዳታምን። እኔን ብቻ።»

ይገረም ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጣ። ከቤቱ እስከ ቅቤ ተራ ድረስ ተሸካሚ ቢገፋውም፣ መንገድ ልቀቅ ቢባልም አልታወቀው። ባዶ የቢራ ሣጥን ገልብጦ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሰላምታም አልሰጣትም። እሷም ለአንድ ደንበኛ መዘነች፣ ለሁለተኛው መዘነች።

«ልጅህ እንዴት ሆነች?» አለች በመጨረሻ።

የሰማውን ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳያጎድል ነገራት።

እቴቴ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። ደንበኛ መጥቶ ስንት ነው ሲል፣ ሐጀራ በዓይኗ ወደ ራሷ ጠራችው።

«ለጨቅላው ነው እንዲህ ያለችው?»

«ለጨቅላው።»

«እኔን ብቻ አለች?»

«እኔን ብቻ።»

ሚዛኑ ላይ የቀረውን ቅቤ አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ይገረምም ሊያጽናናት አልሞከረም፤ ማጽናናቱ ከውስጡ አልመጣለትም።

«ቤት መጥቼ ብነግራትስ?» አለች።

«እኔን የከሰሰችኝ ሐኪሙ ፊት ነው። እዚያው ነው መስማት ያለባት። ቱቦው ከማሸጊያው ሳይወጣ በፊት።»

«አንተ ውጭ ሁንልኛ። በአንተ ፊት አፌ እሺ አይለኝም።»

«አይሆንም። ስሰማ ታየኛለች።»

«ነግሬያትም እንቢ ብትልስ?»

«እንቢ ካለች ይዣት እመለሳለሁ። አስይዤ አላስደርጋትም።» ቆየት አለና፣ «እንዲያም ሆኖ ትነግሪያታለሽ» አላት።

እቴቴ ቅቤውን በኮባ ሸፈነች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ አራግፋ፣ መልሳ ለበሰችው።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለች። «ሐኪሙም ይስማ፣ ዋሽቼሻለሁ እላታለሁ። አባትሽ አልላከኝም እላታለሁ። ከዚያ የፈለገችውን ትጠይቀኝ፣ እመልስላታለሁ። አንተ ግን ቃል ቢያጥረኝ እንዳታግዘኝ።»