የቶሎሳ ቶዮታ መስኮት

ሰፈራችን አዲሱ ገበያ ባለመኪኖች ሲገናኙ ወሬያቸው መኪና ነው። ባለፊያቱ «ጃፓን ሬዲዮ ይሥራ እንጂ!» ይላል። ባለዳትሰኑ «ቤንዚን አትጠጣም፤ ዳገት አትፈራም» ብሎ ይሟገታል። ባሌ ቶሎሳ ግን ስለ ቶዮታው ሲጠየቅ መልሱ «መስኮቷ በደንብ ይዘጋል» ብቻ ነው። ሲስቁበት እኔ እበሽቃለሁ፤ እሱ ምን ተዳው!

ደርግ ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ እቤት አልዘምርም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ግድግዳ ይጋራናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቶሎሳ እንጦጦ ያወጣኝና መስኮቶቹን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። እሱ ውጭ ቆሞ መንገዱን ይጠብቃል፤ እኔ እስኪበቃኝ እዘምራለሁ።

ዛሬ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ሲገባ የዘመርኩትን መዝሙር ያንጎራጉራል።

«ተሰማህ እንዴ?» አልኩት ደንግጬ።

«አንዲት ቃል አልሰማሁም። አፍሽን በመስታወቱ እያየሁ አብሬሽ ስዘምር ነበር።»

«መንገዱን ማን ይጠብቅ ነበር ታዲያ?» ብዬ ጮህኩበት።

መስኮቱ ዝግ ስለነበር ማንም አልሰማንም።