የታይዎ ድርሻ

ታላቅ እህቴ ኬሂንዴ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት እየተሰጣት አደገች። መንታዋ ታይዎ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል በኩፍኝ ሞታለች። እናታችን በአገራችን የመንታ ደንብ መሠረት ትንሽ የእንጨት ምስል አስቀረጸችና «ታይዎ» ብላ መደርደሪያ ላይ አቆመቻት። ለኬሂንዴ ቀሚስ ሲሰፋ ከዚያው ጨርቅ ለእንጨቷም ይሰፋላታል። ምግብ ሲቀርብ አስቀድሞ ለእሷ በትንሽ ሳህን ይቀመጥላታል፤ ጥቂት ቆይቶ ያንን ድርሻ ኬሂንዴ ትበላዋለች። ሌላ ሰው አይነካውም። የሄደችው ካልጠገበች የቀረችውን ትጠራታለች ይባላል።

እኔ ኢዶዉ ነኝ። ከመንቶች ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ስሙ ይኸው ነው፤ አፈኛና አስቸጋሪ ነው ይባላል። ልጅ ሳለሁ በዘንባባ ዘይት ወደተሠራው የታይዎ አደንጓሬ እጄን ብሰድ እናቴ በማማሰያ መታችኝ። «አንቺ የራስሽ ሆድ አለሽ!» አለችኝ። ኬሂንዴ የሁለት ሰው እየበላች ከእኔ ትቀጥን ነበር። ምግቡ የት እንደሚገባ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

እናታችን ካረፈች በኋላ ኬሂንዴ እንጨቷን ወደ ትዳሯ ቤት ወሰደቻት፤ እኔም ከቤታቸው ጎን ያለችውን ክፍል ይዤ ልብስ መስፋት ጀመርኩ። በከተማችን በኢግቦ-ኦራ ልጅ የሚመጣው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አንድ ፊት ሁለት ጊዜ ይታያል። ኬሂንዴ ለኮላ ከተዳረች ዓመታት ቢያልፉም አንድም አልመጣላትም። የገበያ ሴቶች አንዱን በጀርባቸው፣ ሌላውን በደረታቸው አዝለው «ያንቺዎቹ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል» ይሏታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች። ቤት ስትገባ ግን ታይዎን አንስታ ፊቷን ታጥባታለች። ከመታጠብ ብዛት የእንጨቷ አፍንጫ ጠፍቷል።

አንድ ቀን ኬሂንዴ ወደ መድኃኒት ሻጯ ወደ ኢያ ሪሲ ሱቅ ይዛኝ ሄደች።

«እንቁላል የሚያወጣውን ነው የፈለግሽው?» አሉ ኢያ ሪሲ፣ ከሳሙናና ከወባ ክኒን መሃል ፓኬት እየጎተቱ። «ይኼውልሽ። የአንጥረኛው ሚስት በዚህ ሦስት ወለደችበት። ስሟን ግን አልነግርሽም።»

«አንጥረኛው እኮ አንድ ነው» አልኩ።

«ኢዶዉነትሽ በአፍሽ ያስታውቃል!»

«ሐኪም ሳያያት?»

«ሐኪም ምን ሊያይ? ባል አላት፣ ማሕፀን አላት። ሐኪም ቤት ደም ስጪ፣ ሽንት ስጪ፣ ነገ ነይ ነው። እኔ ጋ ዛሬ ነው።» ወደ ኬሂንዴ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላው ሰው አንድ አንድ ይውጣል። አንቺ ብዙ ስለቆየሽ ሁለት ሁለት አድርጊው፣ እስኪያልቅ ድረስ።»

ኬሂንዴ ሁለት ፓኬት ገዛች። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ በእኛ ቤት ሁሉም ነገር ሁለት ነው።

ክኒኑ ካለቀ በኋላ ሆዷ ተነፋ። ሳምንት ሳይሞላ ቀሚሷ አልዘጋ አለ። ገበያ ላይ ሴቶቹ «የመንታ እናት!» እያሉ ከበቧት፣ አጨበጨቡላት፣ አንዷ ሽንኩርት መረቀችላት። ኬሂንዴም ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ አብራቸው ጨፈረች። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራትና የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ደርቋል።

«እህቴ፣ እርግዝና በሳምንት እንዲህ አይሆንም» አልኳት።

«አንቺ መቼ አርግዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ዛሬ ሸንተሻል?»

ፊቷን አዞረች። ሞተር ብስክሌት ጠራሁ። ከነጂው ጀርባ አስቀምጬ፣ እኔ ከኋላዋ በደረቴ ደግፌ ሆስፒታል አደረስኳት።

ዶክተሯ የአገራችን ልጅ ነች። የእህቴን ሆድ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ስታስኬድበት ስክሪኑ ላይ ጥቁር ክብ ወጣ። አጠገቡ ሌላ ክብ፣ ከጀርባው ሌላ፣ ሌላ። በቀጭን ነጭ ግድግዳ ተለያይተው ተገፋፍተዋል፣ የማር እንጀራ ሲቆረጥ ውስጡ እንደሚታየው። በዙሪያቸው ጨለማ ውሃ አለ፤ አንጀቷ ውሃው ውስጥ እንደ ሣር ይወዛወዛል። ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ከእህቴ ቆዳ ሥር ይህ ሁሉ ነበር።

«ልጆች ናቸው?» አለች ኬሂንዴ በሹክሹክታ።

«የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። በወር አንድ ይበስላል። ያንቺ ግን…» ዶክተሯ መቁጠር ጀምራ ተወችው። «እንቁላል የሚያፈራው አካልሽ በግራም በቀኝም ትልቅ ብርቱካን አክሏል። ሆድሽን የሞላው ውሃ ከደም ሥርሽ የወጣ ነው፤ ደምሽ እየወፈረ ነው። ቢረጋ ትሞቻለሽ። ምንድን ነው የወሰድሽው?»

«ኢያ ሪሲ የሰጡኝን። ሁለት ሁለት።»

«ሌላስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«የኔ ድርሻ ሁለት ነበር። የታይዎም ሁለት።»

«መንታሽም ወስዳለች? የት ነች? አሁኑኑ ትምጣ!»

ኬሂንዴ እኔን አየችኝ።

«መደርደሪያ ላይ ነች» አልኩ።

ዶክተሯ ወዲያው ገባት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። መዳፏን እህቴ ሆድ ላይ አሳረፈች። «ሁሉም የገባው እዚህ ነው፣ ኬሂንዴ» አለች። «ሆድሽ አንድ ነው።»

አስተኟት። ውሃውን በመርፌ ቀዱላት፤ ተመልሶ ሞላ፤ ደግመው ቀዱት። ኮላ ከአልጋው ሥር ተቀምጦ የሽንት ከረጢቱን እያየ «ልጁ ይቅርብኝ፣ እሷን ብቻ» ይላል። ማንን እንደሚለምን አላውቅም። የደም ምርመራው ማርገዟን ባሳየ ቀን እንኳ አልተደሰተም፤ እርግዝናው እብጠቱን እንደሚያብሰው ነግረውታል። ኬሂንዴ ተቀምጣ ነበር የምትተኛው፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። እኔ እግሯን እያሸሁ አድራለሁ።

ከዚያ፣ ምን እንደተለወጠ ሳናውቅ፣ አንድ ጠዋት ብዙ ሸናች። ኮላ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ለአስታማሚዎች ሁሉ አሳየ።

ውሃው እየሸሸ፣ ሆዷ እየጎደለ ሄደ። ሳምንታት አልፈው እንደገና ወደ ምርመራው ስትገባ የገበያ ሴቶች «ሦስት ነው አራት?» ብለው መልእክት ልከውብኝ ነበር። ክቦቹ ሟሽሸዋል። ዶክተሯ ቀስ እያለች ፈለገችና አንድ ቦታ ላይ እጇን አቆመች። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ነች። መሃሏ ላይ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ያን ሁሉ ውሃ አልፎ፣ ማንም ሳያዘው ይመታል።

«ሌላኛውስ?» አለች ኬሂንዴ።

ዶክተሯ ግራውን አየች፤ ቀኙን አየች። «አንድ ነው።»

ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን አየሁ። አፏን በእጇ ይዛለች፤ ዓይኗ አልተርገበገበም።

«ብቻውን?» አለች። «ብቻውን እንዲህ ይመታል?»

ቤት የገባች ቀን አደንጓሬ ሠራሁ። የታይዎን በትንሹ ሳህን አድርጋ መደርደሪያው ላይ አቀረበችላት፤ እንደ ልማዷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ሳህኑን አነሳችና ወደ እኔ ገፋችው።

«ብዪው።»

«ሌላ ሰው አይነካውም እኮ!»

«የራስሽ ሆድ አለሽ አይደል?»

አፍንጫ የሌላትን እንጨት ቀና ብዬ አየሁ። ከዚያ ጎረስኩ። ኬሂንዴ እስክውጥ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ የራሷን ሳህን ሳበች፣ ጨረሰች፣ ጠግቤያለሁ አለች።