አርባ ፈታሽ ለአንዲት ማሽን

ከአዋሽ ሰባት ሰመራ ድረስ የመጣሁት ልለምን አልነበረም፤ ደብዳቤዬ እስኪገኝ ልቀመጥ ነው። ሽንኩርቴን ከመልካ ወረር የጫነው ወንድሜ ይገዙ ገላፊ ድንበር ላይ ሁለት ቀን ቆሟል። የጅቡቲው ገዢያችን ታጁ የላከው የመቀበያ ደብዳቤ ካልታየ የመውጫ ወረቀት አይሠራለትም። ደብዳቤው ደግሞ ወረቀታችንን የሚጨርስልን ድርጅት ኢሜይል ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። በዚያ ሙቀት ሽንኩርት ሦስተኛ ቀን አይችልም።

«ማዘር፣ ውጭ ይጠብቁ» አለኝ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ መሀመድአሚን።

«ውጭው ይጠብሳል፤ አልወጣም» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሳቀና ነገረኝ። የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ ማጣሪያ በሚሏት ማሽን ያልፋል። ቫይረስና ማጭበርበሪያ እንዳይኖርበት እየተከፈተ ይፈተሻል። አሁን ስድስት ሺህ ደብዳቤ ተሰልፏል።

«ስንት ፈታሽ አለህ?»

«ሰው አይደለም እኮ ማዘር፣ ፕሮግራም ነው። አንድ ላይ የሚሠሩት ስምንት ነበሩ። ወረፋው ሲበዛ አርባ አደረግኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ባሰበት።»

«ቦታውንስ አሰፋህላቸው?»

«የማሽኗን ሜሞሪ? እሱ ያው ነው።»

እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም። ግን አዋሽ ላይ ለአውቶቡስ መንገደኛ ምሳ ሳቀርብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አምስት አውቶቡስ አንዴ ሲቆም፣ ያለችኝን ሴት ሁሉ አንዲት ኩሽና ውስጥ ብከት እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ወጡ ይደፋል፣ ማንም ሳይበላ አውቶቡሱ ይሄዳል።

«እኔ አራት ብቻ ነው የማስገባው» አልኩት። «በር ላይ ደግሞ አስተናጋጄን ሙሉሐረግን አቆማለሁ። የወረደ ሁሉ አይበላም፤ አንዱ ሽንት ቤት ፈልጎ ነው፣ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ። እሷ ሳትለይ ማንም አይቀመጥም። አንተ ግን ለመጣው ሁሉ ትሪ ትዘረጋለህ።»

ጭንቅላቱን አከከ። «የላኪውን አድራሻ ብቻ አይቶ አጉሉን ደብዳቤ የሚመልስ ቀላል ፍተሻ አለኝ። ግን መጨረሻ ላይ ነው ያደረግኩት።»

«በል ወደ በሩ አምጣው!»

አመጣው። አርባውንም ወደ አሥር አወረደ። የወረፋው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም።

«አሥር አነሰ መሰለኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ ያዝኩት።

«ተወው! ወጥ ሲሠራ ክዳን አይነሳም።»

ትንሽ ቆይቶ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አምስት ሺህ፣ አራት ሺህ…

«ግማሹ እኮ የተደጋገመ ነው» አለ እያነበበ። «መልስ ያጣ ሁሉ ደግሞ ይልካል። ይኸው፣ ታጁ የሚባል አንድ ሰው ሰባት ጊዜ ልኳል!»

«እኔ ነኝ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «ስልክ እየደወልኩ ላክ፣ ላክ ስለው ነው።»

«ወላሂ ማዘር፣ ወረፋውን የሞሉት እርስዎ ነዎት!»

«አንዱን አውጣልኝና ስደበኝ።»

አወጣው። ከቀትር በኋላ ይገዙ ደወለ፤ ሞተሩ ከጀርባው ይጮሃል።

«ወረቀቱ ደረሰ፣ አለፍኩ! ከላይ ያለው ሦስት ጆንያ ለስልሷል፤ ሌላው ደህና ነው።»

«ሦስቱን ለፍየሎች ጣልላቸውና ንዳ!» አልኩት።